ከኢተያ በታች ያለው ቁልቁለት

ጋራዥ የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነው። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ተክሌ አንድ የተፈታ ካርቡራቶር በቆርቆሮ ሳህን ሰጡኝና በነጭ ጋዝ እጠበው አሉኝ። እንዴት ብዬ አልጠየቅሁም።

አሮጌ ጋዜጣ መሬት ላይ ዘረጋሁ። እያንዳንዱን ዕቃ ካጠብኩ በኋላ ጋዜጣው ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ እሥልና ቁጥር እሰጠዋለሁ። ከሁሉ የምታንሰውን ብሎን ሳይቀር ሣልኳት። እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ተክሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ምን እያረግህ ነው?»

«እንዳይቀላቀል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ካርቡራቶር እኮ ነው። ፍትሐ ነገሥት አስመሰልከው።»

ላሜሪስታው ቱፋ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ጋዜጣውን አየና ሳቀ። «ደብተራ ነው የቀጠሩት፣ ጋሽ ተክሌ! ነገ ደግሞ ለመኪናው ክታብ ይጽፍለታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ደብተራው ሆኖ ቀረ። ካርቡራቶሩ አንድም ዕቃ ሳይተርፍ ተገጠመ፤ መኪናውም ወዲያው ተነሳ። ጋሽ ተክሌ አላመሰገኑኝም። በማግስቱ ሁለተኛ ካርቡራቶር ሰጡኝ።

ወደዚህ ሥራ የመጣሁት የማትሪክ ውጤቴ አልበቃ ብሎ ነው። መካኒክነት ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ጋሽ ተክሌ ሥራውን አሥመራ ጣሊያኖች ዘንድ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ የጣሊያንኛ የጥገና መጽሐፍ ነበራቸው። ሥዕሉንና ቁጥሩን አያለሁ፤ ቃሉ ሲያቅተኝ እሳቸውን እጠይቃለሁ። የገባኝን በደብተሬ እጽፋለሁ። ደብተሩን በአምስት ክፍል ከፍዬው ነበር፤ ማስነሻ፣ ነዳጅ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ መብራት። አንድ ነገር ስሰማ ከየትኛው ክፍል እንደሚገባ ሳልወስን አልጽፍም። ይህን የማነሳው ለኩራት አይደለም። ኋላ የደረሰው ሁሉ ከዚህ ስለሚጀምር ነው።

በዚያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነበር። ለአንድ የቤት መኪና የሚሰጠው አሰላና ናዝሬት ጥቂት ካመላለሰ በኋላ ያልቃል፤ ወሩ ግን ገና ነው። ስለዚህ የአሰላ ሾፌር ሁሉ አንድ ልማድ ነበረው። ከኢተያ ካለፈ በኋላ መንገዱ ወደ ዴራ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ማርሹን ዜሮ ያደርግና ሞተሩን ያጠፋል። መኪናው በራሱ ክብደት ይወርዳል። «በነፃ መውረድ» ይሉታል። ሻይ ቤት ሲገናኙ በዚህ ነበር የሚፎካከሩት።

«እኔ ትናንት ከኢተያ ዴራ አንድ ጠብታ አላቃጠልኩም።»

«ያንተማ ድሮም ሞተር የላትም። አህያ ነው የሚጎትታት።»

እኔ ይህን ልማድ በሥርዓት ያዝኩት። በጋራዡ አሮጌ ፒካፕ ከጋሽ ተክሌ ጋር ስወርድ ሞተሩ የት ቢጠፋ፣ የት ቢነሳ እንደሚሻል መዘገብኩ። ምልክቶቹን በወረቀት አሰፈርኩ፤ ማጥፊያው የድንጋይ አጥሩ ጫፍ፣ ማስነሻው ከመታጠፊያው በፊት ያለው ትልቁ ግራር። ከሥሩ «ቁልፉን አይንቀሉ፤ መሪው ይቆለፋል» ብዬ ጻፍኩ። ለደንበኞች ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ሰጠሁ። ብዙ ሰው መረቀኝ።

መምህር አበራ ጋራዡ የመጡት በእግራቸው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፤ እኔንም አስተምረውኛል። ቀጭን ሰው ናቸው፤ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ አለበት።

«ስፖርት መኪና ልገዛ ነው» አሉ።

ቱፋ መዶሻውን አስቀመጠ። ጋሽ ተክሌ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «መምህር፣ በዚህ ዘመን?» አሏቸው።

«በዚህ ዘመን ስለሆነ ነው የምችለው። ሁለት በር ብቻ ያላትን ማን ይገዛል? እህል አትጭን፣ ቤተሰብ አትጭን። ረክሳለች።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቤት ልሥራ ብል አይሆንም። ላግባ ብል ዘገየሁ። ተማሪዎቼ በየወሩ ይቀንሳሉ፤ የት እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ ስም ስጠራ ዘልዬ አልፋለሁ። አንድ የምወደው ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው።»

ጋሽ ተክሌ ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይሄን ይዘው ይሂዱ። ብዙ አያወራም፤ ግን የሚያልፈው ነገር የለም።»

ይህን ቃል ዛሬም እሰማዋለሁ።

አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄድን። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ትንሽ መስተዋትና ደብተሬን ይዣለሁ። የመጀመሪያዋ መኪና ቀይ ነበረች፤ ቀለሟ ፊት ያሳያል። ደላላው ኮፈኗን በመዳፉ እየመታ «መምህር፣ በዚህች ሠርግ ቢሄዱ ሙሽራዋ እርስዎን ነው የምትከተል!» ይላል። ማግኔቱን በሯ ላይ አስጠጋሁ፤ ወደቀ። ከጎማው በላይ አስጠጋሁ፤ ወደቀ። ቀለሙ ሥር ያለው ቆርቆሮ ሳይሆን ስቱኮ ነው።

«ማግኔት ይዞ የሚዞር ልጅ ከየት አመጡ?» አለ ደላላው።

«ከአሰላ።»

«አሰላ ስንዴ ነው እንጂ መካኒክ ይበቅላል እንዴ?»

ሁለተኛዋ በመልክ ደህና ነበረች። ሻንሲዋ ላይ ያለው ቁጥር ግን ሊብሬው ላይ ካለው ጋር በአንድ አኃዝ ይለያል፤ ብረቱም እዚያ ቦታ ላይ ተሞርዷል። ለመምህር በጆሯቸው ነገርኳቸውና ወጣን።

ሦስተኛዋ አንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ጥቁር አረንጓዴ፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ ጎማዋ የተሰነጣጠቀ። የሚሸጧት ሴት እማማ በላይነሽ ይባላሉ። መኪናዋ የልጃቸው ናት። ልጃቸው ከቤት ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ወዴት እንደወጣ አልነገሩንም፤ እኛም የጊዜው ሰዎች ስለሆንን አልጠየቅንም።

«ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሳታለሁ» አሉ። «ሲመለስ ሞታ እንዳያገኛት።»

ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ፣ ቤንዚን ሁለት ጊዜ ረገጡ፣ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ንጹሕ ነበር። ማርሚታው አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ይዤ ቆየሁ፤ ዘይት አልነካውም። ካንዴላዎቹን ፈትቼ አየሁ፤ ደረቅና ቡናማ ናቸው። ማግኔቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዘ። ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። መምህርን አየት አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ። እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

እማማ በላይነሽ ቁልፉን ሲሰጡ ከፀሐይ መከለያው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ልጃቸው በእጁ የጻፈላቸው መመሪያ ነው። ዘርግተው ያዙት፤ ወዲያው አልለቀቁትም።

«ከእንግዲህ እኔ የማስነሳው የለኝም» አሉ። ከዚያ ሰጡኝ።

አሰላ እንደገባን ወረቀቱን በደብተሬ ገለበጥኩ። ርዕሱ «እንዴት እንደምትነሳ» ይላል። ስድስት መስመር ነው። ቤንዚን ሁለት ጊዜ ርገጪ። ስትነሳ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። እንዲህ እያለ ይሄድና አምስተኛው መስመር ላይ «ከግቢ የምትወጣ ከሆነ ሞተሯ ተነስቶ ይሁን፤ ሳትነሳ ከተገፋች ፍሬኗ ይደነድናል» ይላል። ርዕሱ ስለ ማስነሳት ስለሆነ ስድስቱንም «ማስነሻ» በሚለው ክፍል ጻፍኳቸው። ጽሑፉ እስከ ዛሬ ያምራል።

መለዋወጫ አልነበረም። የሚያስፈልጋትን ከሌላ መኪና ዕቃ እያበጀሁ ነው ያኖርኳት። የሳጉሬ መንገድ ድንጋይ ሆዷን እንዳይመታት ከፊት ሞላዎቿ ሥር በቶርኖ የተቆረጠ ብረት አስገብቼ ከፍ አደረግኋት። የፍሬን ሸራዋ ሲያልቅ ከጭነት መኪና ሸራ ቆርጬ፣ ሞርጄ ገጠምኩ። የጭነት መኪና ሸራ ደረቅ ነው፤ ጠንከር ያለ መርገጥ ይፈልጋል። ሞተሯ እየሠራ ሞከርኳት፤ ያዘች። ይህን «ፍሬን» ከሚለው ክፍል ጻፍኩ። መምህር በየሁለት ሳምንቱ ያመጧታል። ሳይጠሯቸው አጠገቤ ተቀምጠው ብሎን ይይዙልኛል። የተቀመጠውን ቅደም ተከተል አይነኩም። ከደንበኛ ሁሉ ይህ የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ገበያው አጠገብ አስቆማቸው። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ።

«ጓድ መምህር፣ ይቺ የቡርዣ መኪና አይደለችም?»

«ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፣ ጓድ። ለቡርዣም ለጭቁንም ትጠባለች።»

ሊቀ መንበሩ ሳቀ። እየሳቀ ግን ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ።

ብዙም ሳይቆይ የመምህር ታናሽ ወንድም ደረጀ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከዚያ ቀን ሳቅ ጋር ይገናኝ አይገናኝ ማንም አያውቅም። መምህር ግን ይገናኛል ብለው አመኑ። ደረጀን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የመኪናዋ ሁለተኛ ወንበር የእሱ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ወንበሩ ላይ ሰው ሲቀመጥ አላየሁም፤ እኔም ስሳፈር ከኋላ ባለችው ጠባብ ቦታ ታጥፌ እቀመጥ ነበር።

ከዓመት በላይ አለፈ። አንድ ማክሰኞ መምህር ደብዳቤ ይዘው መጡ። ደረጀ ቆስሎ ናዝሬት አጠገብ ቁስለኞች ከሚያርፉበት ቦታ ተኝቷል። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱናል፤ ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም፤ ከቻልክ ከዚያ በፊት ድረስልኝ ይላል።

«አውቶቡሱ እስከ ዓርብ ሞልቷል» አሉ። «ያለኝ ኩፖን መሄጃዬን ያደርሰኛል። መመለሻ የለኝም።»

«ከኢተያ ወዲያ በነፃ ይውረዱ» አልኳቸው። ወረቀቴን አወጣሁ። ቀላልና ዝቅ ያለች ስለሆነች ከፒካፑ ይልቅ ሩቅ ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ። ማስነሻውን ከግራሩ አንሥቼ ከመታጠፊያው በታች ወዳለው ድልድይ አራዘምኩት። ትንሽም ቢሆን የሚተርፋቸውን ቤንዚን ለመጨመር ነው።

ወረቀቱን አንብበው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። «ደህና ነው አይደል?»

«ፍሬኑን እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኳቸው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ጠራኝ። «ደብተራው፣ ያቺ አረንጓዴ ከዴራ በላይ የድልድዩ ግንብ ላይ ናት። ሰውየው በሕይወት አለ። ግራ እግሩ ግን እንጃ።»

የሆነው እንዲህ ነው። መምህር መታጠፊያውን እንዳለፉ ከብቶች መንገዱን ሲያቋርጡ አገኙ፤ ከኋላቸው ሁለት እረኞች። አንድ ጊዜ ረገጡ፤ መኪናዋ ዝግ አለች። ደገሙ፤ አሁንም ዝግ አለች። ሦስተኛውን ሲረግጡ እንደ ድንጋይ ሆነ። ሰው ላይ ከምሄድ ብለው መሪውን ወደ ግንቡ ጠመዘዙት። በግራ ጎኗ ገባች።

ትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን መኪናዋን ወደ ጋራዡ አስጎትቶ አመጣት። እሱ ቆሞ እያየ ፈተሽኳት። የፍሬን ዘይቷ ሙሉ ነው። ቱቦዋ አልፈሰሰም። ሸራዋ አዲስ ነው።

«እና አልያዘልኝም የሚሉት ውሸት ነው?» አለ ሳጅኑ።

ቱቦዋን እንደገና ጠርጌ አየሁ። አላውቅም ነበር።

«ደንግጠው አልረገጡም» ብሎ ጻፈ። «የአሽከርካሪ ጥፋት።»

ቅዳሜ ብቻዬን ጋራዡ ውስጥ ቀረሁ። ሞተሯ አልተጎዳም ነበር። በተጨማደደችው መኪና ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ቤንዚን ሁለት ጊዜ ረገጥኩ፤ አስነሳኋት። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ለስላሳ ነው። ሞተሩን አጠፋሁ። አንድ፤ ለስላሳ። ሁለት፤ ጠንከር አለ። ሦስት፤ አልሄደም። በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት፤ ጥቂት ብቻ ዝቅ አለ።

ከኮፈኗ ሥር ድስት የሚመስል ክብ ቆርቆሮ አለ። ሰርቮ ይባላል። ሞተሩ ሲሠራ ከውስጡ አየር ይመጥጣል፤ በዚያ ኃይል የሾፌሩን እግር ያግዛል። ሞተሩ ሲጠፋ ለሁለት መርገጥ ያህል ኃይል ይቀራል፤ ከዚያ ያልቃል። ፒካፑና የሌሎቹ ደንበኞች አሮጌ መኪናዎች ይህ ዕቃ የላቸውም፤ ሞተራቸው ቢጠፋም ባይጠፋም ፍሬናቸው ያው ነው። የእሷን ሰርቮ በገዛ እጄ አጽድቼዋለሁ። ምን እንደሚሠራ አውቅ ነበር። በነፃ ስለ መውረድም አውቅ ነበር። ሁለቱ በደብተሬ ውስጥ የተለያየ ክፍል ነበራቸው።

ደብተሩን ገለጥኩ። «ማስነሻ»፣ አምስተኛ መስመር።

ሰኞ ለጋሽ ተክሌ ነገርኳቸው። መፍቻውን አስቀምጠው የጋራዡን በር ገርበብ አደረጉ።

«ሳጅኑ ወረቀቱን ዘግቷል» አሉ። «አንተ ብትከፍተው የምትገባው ከርቸሌ ነው። ለመምህር እግር አይበቅልላቸውም። ዝም በል፣ ልጄ።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ሥራ አይደለም።

የመምህር ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ነበር። ሆስፒታል ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ሲያዩኝ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«መኪናዋን አጠፋሁብህ። ስንት የደከምክባት! የረገጥኩ መስሎኝ ነበር። ሳጅኑ አልረገጡም ይላል። ሰው ሲደነግጥ ያላደረገውን አደረግኩ ይላል መሰለኝ።» ጣራውን አዩ። «ባልደነግጥ ኖሮ እደርስለት ነበር። አንድ ፍሬን ነው ያቃተኝ።»

ደረጀን ሐሙስ ጠዋት ወስደውታል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም።

ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ ሦስት ጊዜም ያንኑ ደገሙልኝ። ባልደነግጥ ኖሮ። ቤታቸው ከገቡ በኋላ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ እሑድ ብርቱካኑን ትቼ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። አምስተኛውን መስመር አነበብኩላቸው። ስለ ሰርቮው ነገርኳቸው። ድልድዩ ድረስ ያራዘምኩት እኔ እንደሆንኩም ነገርኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ረግጫለሁ» አሉ።

«ረግጠዋል።»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ የማንም እግር አይበቃውም።»

ቀኝ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ። «ይቺ ሥራዋን ሠርታለች» አሉ። ፊታቸው ለአፍታ ያን የግዢ ቀን መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«በአደጋው ሳምንት ቅዳሜ።»

«ብርቱካን ይዘህ ስትመጣ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ደነገጥኩ እያልኩ ስነግርህ?»

«አዎ፣ መምህር።»

ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ። «ሂድ። ከእንግዲህ አትምጣ።»

በማግስቱ ሳጅኑ ዘንድ ሄጄ «አልረገጡም» የሚለው እንዲስተካከል ጠየቅሁ። ፋይሉ ወደ በላይ ተልኳል አለኝ። ስሜን እንኳን አልጻፈም። መምህር በዓመቱ አቦምሳ ወዳለች እኅታቸው ተዛወሩ። ደረጀ አልተመለሰም። መኪናዋን ጋሽ ተክሌ ለዕቃ ፈቷት፤ ሰርቮውን የፈታሁት እኔ ነኝ።

ለደንበኞች የሰጠኋቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ለቅሜ አቃጠልኩ። አንዱን አላገኘሁም፤ በመምህር ደረት ኪስ የነበረውን። አሁንም በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ደብተሬ ክፍል የለውም።

ለወጣት መካኒኮች የምለው ይህ ነው። ሰርቮ ያለው መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ቁልቁለት አይወርድም። ያገለገለ መኪና ስትገዙ የቀድሞው ባለቤት የጻፈው ወረቀት ካለ አንብቡት፤ ፍሬን የሚል ቃል ካገኛችሁበት፣ ርዕሱ ምንም ቢል፣ ለሚነዳው ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።